ዕቃ በፒክአፕና በተሳቢ ሲጫን፦ አንቺ የት ትቀመጫለሽ?

እህቶች፣ አሠሪዎች ቤት ሲቀይሩ ወይም ከኤደን ወደ ላህጅና ያፊዕ ሲሄዱ ዕቃውን ተሸክመን የምናወጣው እኛ ነን። ቦታ ሲጠፋ ደግሞ «ዕቃው ላይ ውጪና እንዳይወድቅ ያዢ» ይሉናል። እኔም ሰው ቤት ስሠራ ተብያለሁ። መኪናውን ባንነዳም የክብደቱን ነገር ማወቅ አለብን።

ስንት ኪሎ ነው?
አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ አንድ ቶን ይመዝናል። ብዙ ፒክአፕ ደግሞ ከነሰዉ የሚችለው አንድ ቶን ገደማ ነው። ፍሪጅና የሩዝ ጆንያ ሲጨመርበት ከአቅም በላይ ይሆናል። የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ በብዙ አገር ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ እንዲያልፍ አይፈቀድም፤ ቁልቁለት ላይ ሲገፋ የሚይዘው የፒክአፑ ፍሬን ብቻ ነውና።

ከባዱ የት ይቀመጥ?
ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ። ተሳቢ ላይ ከጭነቱ 60 በመቶ ያህሉ ከጎማው ፊት፣ በፒክአፑ በኩል ይሁን። ከባዱ ወደ ኋላ ከሆነ ተሳቢው እንደ ጅራት እየተወዛወዘ መኪናውን ሊገለብጥ ይችላል። ፊት ላይ ከበዛ ደግሞ የፒክአፑ ኋላ ይቀመጣል፣ የፊት ጎማው ይቀላል፣ መሪው በደንብ አይታዘዝም።

ከመነሳታችሁ በፊት እዪ
• የፒክአፑ ፊት ቀና ካለ ወይም ጎማው ከተኛ፣ ጭነቱ በዝቷል።
• የተሳቢው መንጠቆ ተቆልፎ ሰንሰለቱ መታሰር አለበት።
• ዕቃው በገመድ ይታሰር። ገመድ ያልያዘውን ፍሪጅ ያንቺ እጅ አይዘውም።

ምን ልበል?
ተሳቢ ላይ ሰው በጭራሽ አይቀመጥም። መጫን ሳይጀመር የት እንደምትቀመጪ ጠይቂ፤ ከተጫነ በኋላ ወንበሩ በዕቃ ይሞላል። በእርጋታ «ኸጢር» (አደገኛ ነው)፣ «አርከብ ዳኺል» (ውስጥ ልግባ) በዪ። ጋቢና ከከለከሉሽና መቅረት ካልቻልሽ፣ ፒክአፑ ላይ ወለሉ ላይ ተቀመጪ፣ ጀርባሽን ለጋቢናው ስጪ፤ ከባድ ዕቃ ከጎንሽም ከበላይሽም አይሁን። ይሄ ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ከባሰው ይሻላል ነው።

የየመን የሥራ ሕግ (1995 እ.ኤ.አ.) የቤት ሠራተኞችን አይጨምርም። የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 (2011 እ.ኤ.አ.) ግን በአንቀጽ 13 ማንኛዋም የቤት ሠራተኛ ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታ የማግኘት መብት አላት ይላል። የመን ይህን ስምምነት አላጸደቀችም። ቢሆንም «ውስጥ ልቀመጥ» ማለትሽ ጥጋብ አይደለም፤ መብትሽን መጠየቅ ነው።