የጥይት አጎራረስ ችግር በአሮጌ ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ፦ የኮልት ኤም 1911 አብነት

ኮልት ኤም 1911 ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ የዩናይትድ ስቴትስ ጦር በ1911 እ.ኤ.አ. የተቀበለው ሽጉጥ ነው። ያረጀ ሽጉጥ ጥይት ማጉረስ ሲያቅተው የጥይት መግቢያውን ተዳፋት መሞረድ ይቀናል። ሆኖም የተሞረደ ብረት ስለማይመለስ ምርመራው ሊተካ ከሚችለው ክፍል መጀመር ይኖርበታል።

በቅድሚያ ካዝናው ተነቅሎ ጥይት ቤቱ ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል። ከዚያም የመሰናክሉ ዓይነት ይለያል። ተንሸራታቹ ክፍል ጥይት ሳያነሳ ከተዘጋ የካዝናው ሞላ መድከሙ ይጠረጠራል። የአረሩ አፍንጫ በተዳፋቱ ላይ ከተተከለ የካዝናው ከንፈሮችና ሞላው ይመረመራሉ። ተንሸራታቹ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ከቆመ ደግሞ የመመለሻ ሞላው ድካም፣ የጥይት ቤቱ ቆሻሻ ወይም የቀለህ መሳቢያው ጥፍር መጥበቅ ይፈተሻል።

በሌላ ካዝና ሲሞከር ችግሩ ከተወገደ ጉድለቱ የካዝናው ነው። የአረሩ ቅርጽም ከግምት ይግባ፤ የጦሩ መደበኛ ጥይት 14.9 ግራም የሚመዝን፣ ክብ አፍንጫ ያለው ልብስ አረር ነበር።

በሽጉጡ አካልና በቱቦው ተዳፋት መካከል ያለው 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት የንድፉ አካል ነው። የቱቦውን ተዳፋት ከልክ በላይ የሞረደ ሰው የቀለሁን ድጋፍ ያሳጣል፤ ቀለሁም በተኩስ ጊዜ ሊፈነዳ ይችላል።