ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዕድሳትና ልዋጭ

በአዲስ አበባ ከተማ በአራዳና በመርካቶ መካከል ያለው ድልድይ በፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም ይጠራል። ፊታውራሪ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ የጦር ሚኒስትር ሆነው የተሾሙ፥ በ1919 ዓ.ም. ያረፉ ታላቅ ሰው ናቸው። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ በኩል ተነሥቶ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አገባ። እንግዲህ የጦር ሚኒስትሩ ሹመትና የአውቶሞቢል መምጣት በአንድ ዓመት ነው። ዛሬ በስማቸው በተጠራው ድልድይ አጠገብ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ የሚመለከት ሰው እህልና በርበሬ የጫኑ አሮጌ ፒክአፖች ወደ መርካቶ ሲሄዱ ያያል። አንዳንድ ጊዜም ከእነርሱ አንዱ ዐቀበት ላይ ይቆማል፤ ሞተሩ ይጮኻል፥ መኪናው ግን አይሄድም። ይህ ደዌ ብዙ ጊዜ የካምቢዮ ደዌ ነው።

ይህን ትምህርት ለገጠር ተማሪዎች መጻፍ ስለ ምንድር ነው ቢባል፥ አዝመራን ወደ ገበያ፥ ምጥ የያዛትንም ሴት ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስ በብዙ ቀበሌ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ብቻ ስለ ሆነ ነው። ደግሞም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ በእጅ ያለውን ጠብቆና አድሶ ማኖር ከቀድሞ ይልቅ የሚያስፈልግ ሆኗል።

ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ቮላኖ፥ ኩሽኔታ፥ ቡሎን፥ ዳዶ የሚባሉት የጋራዥ ቃላት ሁሉ ከጣልያን ቋንቋ የመጡ ናቸው። ቋንቋውን የሚወድ ሰው በዚህ ቅር ይለው ይሆናል፤ ነገር ግን ሶማሌ ተራ ሄዶ ዕቃውን በግዕዝ ስም የሚጠይቅ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ እኛም መካኒኮች በሚጠሩበት ስም እንጠራዋለን።

የካምቢዮ ሥራ ምንድር ነው? ሞተር በፍጥነት ይዞራል፥ ብቻውን ሲሆን ግን ኃይሉ ጥቂት ነው። ዐቀበት ለመውጣት ፍጥነቱን ቀንሶ ኃይሉን ማብዛት ያስፈልጋል፤ ይህንንም ታላላቅና ታናናሽ ጥርስ ያላቸው መዘውሮች ያደርጉታል። በእጅ በሚሠራው ካምቢዮ ነጂው ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ራሱ ይለውጣል። አውቶማቲክ የተባለው ግን ያለ ነጂው እጅ በዘይት ግፊት ራሱ ይለውጣል። ለሕዝብ በብዛት የተሸጠው የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ካምቢዮ በ1932 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1939) በአሜሪካ አገር በኦልድስሞቢል መኪና ላይ የወጣው ሃይድራማቲክ ነው።

በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ኮንቨርተር የሚባል ዱባ የመሰለ ዕቃ አለ። በውስጡ ክንፍ ያላቸው ሁለት መዘውሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ እርስ በርሳቸውም አይነካኩም። አንዱን ሞተሩ ሲያዞረው ዘይቱን በኃይል ይወረውራል፤ የተወረወረውም ዘይት ሁለተኛውን ያዞረዋል። የውኃ ወፍጮ ያየ ልጅ ይህን ለማስተዋል አይቸገርም፤ ውኃው መዘውሩን፥ መዘውሩም መጅን እንደሚያዞር ነው። በመካከላቸው ያለች ሦስተኛ ታናሽ መዘውር ደግሞ የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ ታቀናለች፤ ስለ እርስዋም መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ኃይሉ ይበዛል።

ከኮንቨርተሩ ኋላ ያሉት ጥርሶች አቀማመጣቸው እንደ ሰማይ ብርሃናት ስለ ሆነ ፈረንጆች በፀሐይና በፕላኔቶች ስም ጠርተዋቸዋል። በመካከል አንዲት የፀሐይ ማርሽ አለች፤ በዙሪያዋ ሦስት ወይም አራት ታናናሽ ማርሾች ይዞራሉ፤ በውጭም ጥርሱ ወደ ውስጥ የሆነ ቀለበት ሁሉን ይከባል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህን ባየ ጊዜ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ከሦስቱ አንዱ ሲያዝና ሁለተኛው ሲነዳ፥ ሦስተኛው በሌላ ፍጥነት ይወጣል፤ የሚያዘውን በመለዋወጥም ልዩ ልዩ ማርሽ ይገኛል። የሚይዙአቸው በወረቀት መሰል ልብስ የተሸፈኑ ስስ ሳሕኖች ናቸው፤ ከብረት ሳሕን ጋር አንድ ባንድ ተደርድረው በዘይት ግፊት ይጣበቃሉ። ዘይቱን ወደ የትኛው እንደሚሄድ የሚያዝዘው የቫልቭ ቤት ይባላል፤ የውኃ አባት አንዱን ቦይ ዘግቶ ሌላውን እንደሚከፍት ያደርጋል።

ከዚህ የተነሣ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ሕይወቱ ዘይቱ መሆኑ ይታወቃል። ዘይት ኃይል ያስተላልፋል፥ ሳሕኖቹን ይጫናል፥ ያለሰልሳል፥ ሙቀትንም ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ይወስዳል። አዲስ ሲሆን ብዙ ጊዜ ቀይ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ያመጣ እንደ ሆነ የሳሕኖቹ ልብስ እየነደደ ነው። ወተት የመሰለ እንደ ሆነ ግን በራዲያተሩ ውስጥ ውኃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል፤ ይህ ሳይጠገን ካምቢዮውን ማደስ ገንዘብን ወንዝ መጣል ነው።

የሚንሸራተት መኪና ያለው ሰው ወዲያው ካምቢዮውን አያስፈታ። አስቀድሞ ቀላሉን ይመርምር። በብዙ አሮጌ መኪናዎች ዘይቱ የሚለካው ሜዳ ላይ፥ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ፥ ማርሹ በማቆሚያው ላይ ሳለ ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ የሚለካ ሰው ሐሰተኛ ልክ ያገኛል። ሁሉም አንድ ስላልሆነ የመኪናውን መጽሐፍ ማየት ይገባል። ቀጥሎ ማጣሪያው እንዳልተዘጋ፥ ፓራኦሊዮው እንዳላፈሰሰ ይታያል። በአሮጌ የቶዮታ ካምቢዮዎች ከነዳጅ መስጫው ወደ ካምቢዮው የሚወርድ ቀጭን ገመድ አለ፤ እርሱ የላላ እንደ ሆነ የዘይቱ ግፊት ያንሳል፥ ሳሕኖቹም ይንሸራተታሉ። ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ የገመድ ማስተካከል የሚያድነውን መኪና ለሙሉ ዕድሳት ጋራዥ ማስገባት ትልቅ ኪሳራ ነው። በታችኛው ሳሕን ውስጥ የሚገኘው ዝቃጭም ብዙ ይናገራል፤ ጥቂት ዱቄት የተለመደ ነው፥ የብረት ስንጥር ግን መፍታት ግድ መሆኑን ያስታውቃል።

መፍታት ግድ ከሆነ ባለቤቱ በሦስት መንገድ መካከል ይቆማል። ያለውን ማደስ፥ ያገለገለ ሌላ መግዛት፥ ወይም በእጅ ወደሚሠራ ካምቢዮ መለወጥ ነው። ሦስተኛው ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የፍሪሲዮን ፔዳል፥ ቮላኖ፥ ሌላ ልክ ያለው ካርዳን ይፈልጋል፥ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ሞተርም ካምቢዮውን ሲያጣ ሊታወክ ይችላል። በእኔ አሳብ የውስጥ ዕቃው የሚገኝና እጁ የታመነ መካኒክ ያለ እንደ ሆነ ያለውን ማደስ ይሻላል፤ ያገለገለው ስንት ዐቀበት እንደ ወጣ ማንም አያውቅምና።

ሲወርድ ጥንቃቄው ብዙ ነው። የባትሪው ሽቦ ይነቀላል፤ መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጽኑ የብረት ማቆሚያ ላይ ያርፋል። የፒክአፕ አውቶማቲክ ካምቢዮ ብዙ ጊዜ ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን፥ በደረቱ ተቀብሎ ለማውረድ የሚሞክር ሰው ነፍሱን ለአደጋ ይሰጣል። ከወረደም በኋላ በንጹሕ ገበታ ላይ ይፈታል፤ የወጣው ዕቃ ሁሉ በወጣበት ተራ ይደረደራል። ክሩ የሚበጠስ ጨርቅ አይነካውም፤ አንዲት ክር የቫልቭ ቤቱን ታናሽ ቀዳዳ ልትዘጋ ትችላለችና። የጎማና የወረቀት ጓርኒሲዮን ሁሉ፥ ደህና ቢመስልም፥ በአዲስ ይለወጣል። አዲሶቹ ሳሕኖች ከመግባታቸው አስቀድሞ በዘይት ውስጥ ይዘፈዘፋሉ፤ ደረቅ ሳሕን በመጀመሪያው ጉዞ ይቃጠላል። በመካከላቸው ያለው ክፍተትም በመለኪያ ይለካል እንጂ በዓይን አይገመትም።

ሁለት ነገር ግን ብዙ ዕድሳትን ከንቱ አድርጓል። አንደኛው፥ ወደ ራዲያተሩ የሚሄዱትን የዘይት ቧንቧዎች ሳያጥቡ መተው ነው፤ በዚያ የቀረው የአሮጌው ካምቢዮ ፍቅፋቂ ተመልሶ አዲሱን ያበላሻል። በአሮጌው ኮንቨርተር ውስጥም እንዲሁ ስለሚቀር፥ መለወጥ ወይም ተከፍቶ መታጠብ አለበት። ሁለተኛው፥ ኮንቨርተሩ በዘይት መግፊያው ፓምፕ ላይ በሚገባ ሳይቀመጥ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር በቡሎን አስገድዶ ማጥበቅ ነው። ኮንቨርተሩ እየዞረ ሲገፋ ደረጃ በደረጃ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በትክክል ከገባ በኋላ ካምቢዮው ያለ ኃይል ከሞተሩ ጋር ይገጥማል፥ ኮንቨርተሩም ገና በእጅ ይዞራል። ክፍተት ሲቀር በቡሎን የሚስብ ሰው ሞተሩ በተነሣ ጊዜ ፓምፑን ይሰብራል፤ የሳምንቱም ድካም በአንድ ደቂቃ ይጠፋል።

ያገለገለ ካምቢዮ የሚገዛ ሰው በመርካቶ ሶማሌ ተራ ብዙ ያገኛል። በካምቢዮው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ምልክት ከአሮጌው ጋር ያስተያይ፤ የሁለት ጎማና የአራት ጎማ ነጂ አንድ አይደሉም፥ መልካቸው ቢመሳሰልም አይገጥሙም። የተረፈ ዘይት ካለበት ያሽትተው፤ ዘንጉንም በእጁ ያዙረው። ከሁሉ በላይ ውል በጽሑፍ ይሁን። የተሸጠው ዕቃ ምልክቱና ቁጥሩ፥ ዋጋው፥ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ፥ የሻጩና የምስክሮች ፊርማ ይግባበት። «ወንድሜ፥ ቃሌ ይበቃሃል» የሚል ነጋዴ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ካምቢዮው ገጥሞ እስኪሞከር ብዙ ቀን ያልፋል፥ ቃልም ይረሳል። ማንበብ የማይችል አባት ገበያ ሲወርድ የተማረ ልጁ አብሮት ቢሄድ የትምህርት ቤቱ ጥቅም በዚያ ይታያል።

ከተገጠመ በኋላ ዘይቱ ጥቂት በጥቂት ይሞላል፤ ሞተሩም ሳይጣደፍ ይሞቅና ማርሹ በየተራው ይሞከራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጫን በሜዳ ይነዳል። ከዐባይ በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ስላለ፥ ነጂው ማርሹን ወደ ታችኛው አውርዶ ሞተሩ እንዲይዝለት ያደርጋል፤ ከፍ ባለው ማርሽ ትቶ ፍሬን ብቻ የሚረግጥ ሰው ፍሬኑ ግሎ ሊከዳው ይችላል። ሲመለስ ዐቀበቱ ላይ ዘይቱ ስለሚግል ጭነቱን አያብዛ፤ ሽታ የተሰማው እንደ ሆነ ሜዳ ላይ ቆሞ፥ ማርሹን አውጥቶ፥ ሞተሩን ሳያጠፋ ያቀዝቅዘው። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ የታችኛው ሳሕን ተከፍቶ ማጣሪያው ይታያል፤ የተገኘው ዝቃጭ ከመጀመሪያው ጋር ይነጻጸራል፤ ቀኑም ከውሉ ወረቀት ጀርባ ይጻፋል።