አድራጊው የማይታይበት ዐረፍተ ነገር

በቅኔ ቤት የዋለ ተማሪ ግስን በአምስቱ አዕማድ፣ ማለት በአድራጊ፣ በአስደራጊ፣ በተደራጊ፣ በተደራራጊና በአደራራጊ እያረባ «ቀተለ» ካለ በኋላ «ተቀትለ» ሲል፣ በአንዲት ፊደል መጨመር ብቻ ገዳይ የነበረው ሟች እንደሚሆን ከልጅነቱ ጀምሮ ያወቀ ስለ ሆነ፣ የእንግሊዝኛን ተደራጊ ግስ ለመማር በተነሣ ጊዜ እንግዳ የሚሆንበት ምሥጢሩ ሳይሆን አሠራሩ ነው።

እንግሊዝኛ ለዚህ ተግባር የተመደበች ፊደል የለውም። በዚያች ፈንታ «ቢ» የተባለውን ረዳት ግስ ያስቀድምና ዋናውን ግስ በሦስተኛው መልኩ፣ ተማሪዎች «ራይት፣ ሮት፣ ሪትን» እያሉ በቃል ከሚያጠኑት በመጨረሻው፣ ያስከትላል። ዋናው ግስ ከዚያ መልኩ ንቅንቅ አይልም፤ ጊዜንና ቁጥርን የሚሸከመው ረዳቱ ነውና፣ ደብዳቤው «ይጻፋል» ለማለት «ኢዝ ሪትን»፣ «ተጻፈ» ለማለት «ዋዝ ሪትን»፣ «ተጽፏል» ለማለት «ሃዝ ቢን ሪትን»፣ «እየተጻፈ ነው» ለማለት ደግሞ «ኢዝ ቢዪንግ ሪትን» ይባላል። ይህን የመጨረሻውን ቅርጽ በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩ አንዳንድ የቋንቋ ዘበኞች እንደ ነውር ቈጥረው አጥብቀው ነቅፈውት ነበር፤ ዛሬ ግን ያለ እርሱ የሚናገር እንግሊዛዊ አይገኝም።

የእኛን ተማሪ የሚያሰናክለው ግን ሌላ ነው። በአማርኛ በ«ተ» የሚጀምር ግስ ሁሉ ተደራጊ አይደለም፤ «ተነሣ»ም «ተቀመጠ»ም «ተመለሰ»ም የሚሉት ባለቤቱ ራሱ የሠራውን ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው «አደጋ ተከሠተ» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ «ዋዝ ሃፐንድ» ይላል፤ ዳሩ ግን «ሃፐን» ተሳቢ የማይቀበል ግስ ስለ ሆነ፣ ተሳቢ የሌለውም ግስ ወደ ባለቤትነት የሚወጣ ስለሌለው፣ ተደራጊ ሊሆን ከቶ አይችልም። ሁለተኛው መሰናክል «በ» ናት። ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት በሴረኞች በጩቤ ተገደለ ስንል፣ ሴረኞቹንም ጩቤውንም በአንዲት «በ» እናስከትላለን፤ እንግሊዝኛ ግን ለሰዎቹ «ባይ»ን፣ ለመሣሪያው «ዊዝ»ን ይመድባልና፣ ሁለቱን ያለዋወጠ ጸሓፊ ጩቤውን ሴረኛ ያደርገዋል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ ዐረፍተ ነገሩ ስለ ማን እንደሚናገር ለመወሰን ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1928 ፔኒሲሊንን አገኘ። የሰውየውን ገድል የሚጽፍ ሰው «ፍሌሚንግ ዲስከቨርድ ፔኒሲሊን» ይላል፤ ስለ መድኃኒቱ የሚጽፍ ግን ነገሩ በመድኃኒቱ ጀምሮ በመድኃኒቱ እንዲቀጥል «ፔኒሲሊን ዋዝ ዲስከቨርድ» ብሎ ያገኘውን ሰው በ«ባይ» ወደ ኋላ ያመጣዋል፣ ካላስፈለገውም ይተወዋል። በቤተ ሙከራ ውሃው ፈላ፣ ጨውም ተጨመረ በሚባልበት ስፍራ ጨማሪው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ ተደራጊን እንደ ኀጢአት የሚቈጥሩትን መምህራን መከተል አይገባም እላለሁ። ጆርጅ ኦርዌል በ1946 ስለ ፖለቲካና ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ በጻፈው ድርሰቱ አድራጊ በሚቻልበት ስፍራ ሁሉ ተደራጊን ከልክሏል፤ ሆኖም የዚያው ድርሰት የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ራሱ ተደራጊ ግስ ይዟል፣ አንባቢም ምንም ጉድለት አያይበትም። ክልከላው ተገቢ የሚሆነው አድራጊው መታወቅ ሲገባው በተሸሸገበት ብቻ ነው። ፕሬዚዳንት ሬገን በ1987 ለአሜሪካ ምክር ቤት ባሰሙት ዓመታዊ ንግግር፣ ስለ ኢራን ጉዳይ ከባድ ስሕተቶች ተፈጽመዋል ሲሉ ሰዋስዋቸው እንከን አልነበረበትም፤ «ባይ» ግን በስፍራዋ አልነበረችም። ለነገሩ ፍርድ እንዳናጓድል፣ በዚያው ንግግር ውስጥ በዚሁ በኢራን ጉዳይ ስላልተሳካው ሙከራ ሙሉ ኀላፊነቱን እወስዳለሁ ያሉት በአድራጊ ግስ፣ «እኔ» የሚለውንም ባለቤት አስቀድመው ነው።