ከተማ የገባ ወዳጃችንን እንዴት እንርዳው?

እንግዳ ሲመጣብን ደስ ይለናል። እግሩን እናጥባለን። ያለንን እናቀርባለን። መደብ እንለቅለታለን። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ወዳጃችን አዲስ አበባ የመጣው ሊጠይቀን ሳይሆን ሠርቶ ሊኖር ከሆነ፣ ማብላትና ማሳደር ብቻ አይበቃም። ከተማውን ማላመድ ያስፈልጋል።

ወይፈን ስንገራ ምን እናደርጋለን? ከለመደ በሬ ጋር እንጠምደዋለን። የለመደው በሬ መንገዱን ይመራዋል እንጂ ቀንበሩን ብቻውን አይሸከምለትም። ወዳጅን ማላመድም እንዲሁ ነው።

1. ከመምጣቱ በፊት

ለበዓል ከከተማ የሚመጣ ሰው አዲስ ልብሱን ያሳያል። የቤት ኪራዩን ግን አያወራም። ይህን ያየ ወዳጅ በሬውን ሸጦ ይነሣል። ስለዚህ አስቀድመን እውነቱን እንንገረው። ኪራይ ስንት ነው? ምግብ ስንት ነው? ሥራ ለማግኘት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ይህን ሰምቶ ልምጣ ካለ፣ አውቆ ይመጣል። ልቅር ካለም በሬው ይተርፋል።

ሲመጣ የት እንደሚወርድ እንጠይቀው። መናኸሪያው አንድ ብቻ አይደለም። ላምበረትም አለ፤ ቃሊቲም አለ። ስማችንን፣ ስልካችንንና ሰፈራችንን በወረቀት ጽፎ በኪሱ ይያዝ። ስልኩ ቢጠፋ ወረቀቱ ይደርስለታል። ቀድመን ደርሰን እንቀበለው። «ዕቃህን ልያዝልህ፣ ሥራ ላስገባህ» የሚል የማያውቁት ሰው አይታጣምና።

2. መንገድ ማሳየት

ገበሬ አቅጣጫ ማወቅ አይቸግረውም። ተራራና ውኃ አይቶ ይለያል። አዲስ አበባም ተራራ አለው። እንጦጦ በስተሰሜን ነው። ፊታችንን ወደ እንጦጦ ብናዞር ቀኛችን ምሥራቅ፣ ግራችን ምዕራብ ይሆናል። ወንዙ ቁልቁል ወደ አቃቂ ይወርዳል፤ ያ ደቡብ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ቢሳሳት እንኳ ፈጽሞ አይጠፋም።

ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ላይ ረዳቱ የሚሄድበትን ሰፈር እየጠራ ይጮኻል። ሰምቶ መሳፈር ነው። ለመውረድ «ወራጅ አለ!» ማለት ነው። መንገድ ሲሻገር በመጀመሪያ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ ይመልከት።

በመጀመሪያው ቀን እኛ እንምራው። በሁለተኛው ቀን እሱ ይምራ፤ እኛ ከኋላው እንከተል። በሦስተኛው ቀን ብቻውን ሄዶ ይመለስ። ሁልጊዜ እጁን ይዘን ከወሰድነው ግን ዓመት ቢቀመጥም እንግዳ ነው።

3. ወረቀትና ሥራ

ከአገሩ ሲነሣ መታወቂያውንና የመሸኛ ደብዳቤውን ይያዝ። ፋይዳ የተባለውን ብሔራዊ መታወቂያ ካላወጣ ይመዝገብ። ምዝገባው በነጻ ነው፤ «ላስመዝግብህ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ አይስጥ።

ደላላ ሥራ ቢያገኝለት ደመወዙን፣ የደላላውን ድርሻና የሥራውን ቦታ አስቀድሞ ይጠይቅ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ፣ አሠሪው የውሉን ቃል ጽፎና ፈርሞ በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። እዚህ ላይ ፊደል የቆጠርንበት ጥቅም ይታያል። ያላነበብነው ወረቀት ላይ አንፈርምም። ወዳጃችን ማንበብ የማይችል ከሆነ እናንብብለት፤ ማታ ማታም ፊደል እናስቆጥረው።

4. ብቸኝነት

በገጠር መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ጤና ይስጥልኝ ማለት ደንብ ነው። በከተማ ሰው ዝም ብሎ ያልፋል። አዲስ የገባ ሰው የጠሉት ይመስለዋል። መንገደኛው ብዙ ስለሆነ እንጂ ጥላቻ እንዳልሆነ እናስረዳው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረ ወዲህ ከየአገሩ በመጣ ሰው ያደገ ከተማ ነው። ዛሬ ከተሜ የምንለው ብዙ ሰው አባቱ ወይም አያቱ እንግዳ ሆኖ የገባ ነው።

ለጎረቤት እናስተዋውቀው። እድር ይግባ። ገቢ ሲያገኝ ዕቁብ ይጣል። ሥራ ሲያጣ ሊያፍርና ከእኛም ሊሸሽ ይችላል፤ ለቤተሰቡም «ደህና ነኝ» እያለ ይደውላል። ያን ጊዜ ፈልገን እናግኘው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው። አገሬ ልመለስ ቢልም አናሳፍረው፤ መመለስ ነውር አይደለም።

እንግዲህ ወዳጃችንን የረዳነው ስንት ቀን እንዳበላነው በመቁጠር አይታወቅም። ብቻውን ወጥቶ፣ ሠርቶ፣ በሰላም ሲገባ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ደግሞ እሱ ራሱ ሌላውን ወይፈን ይመራል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. እንግዳን ማስተናገድና ወዳጅን ማላመድ በምን ይለያያሉ?
2. ወዳጃችን ስማችንንና ስልካችንን በወረቀት መያዝ ለምን ያስፈልገዋል?
3. ወደ ከተማ ለመሄድ ላሰበ የመንደራችሁ ሰው ምን ትነግሩታላችሁ? በአምስት መስመር ጻፉ።