እያስተማሩ ዲግሪ መጨረስ፦ ሰዓቱ ከማን ይወሰዳል?

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያና ስለ ክፍል አያያዝ ነው። የዛሬው ርዕስ ከጥቁር ሰሌዳው ትንሽ ራቅ ያለ ቢመስልም ዞሮ ዞሮ እዚያው ሰሌዳ ላይ ያደርሰናል። ይኸውም፣ ዲፕሎማችንን ይዘን ሥራ ከያዝን በኋላ ሙሉ ጊዜ እያስተማርን የመጀመሪያ ዲግሪ መማር፣ የጀመርነውንም መጨረስ ይገባናል ወይስ አይገባንም የሚለው ጉዳይ ነው። ማታ በየመኝታ ክፍላችን መብራት ከጠፋ በኋላ ከዚህ የበለጠ የሚወራ ነገር የለም። አንዷ «ዲግሪ የሌለው መምህር ማን ሰው ይለዋል» ትላለች፤ ሌላዋ «ወረቀት ነው፣ ምን ይሠራል» ትላለች። ሁለቱም ሳይቆጥሩ ነው የሚናገሩት።

እኔን መቁጠር ያስጀመረኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ከሐረር ወጣ ብሎ በባቢሌ መንገድ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። ወደ አሥር ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው። በክረምት መርሐ ግብር ዲግሪ ጀምሮ ሦስት ክረምት ተማረ። ከዚያ ልጅ ተወለደ፣ የቤት ኪራይ ጨመረ፣ አክስቴም ታመመች፤ ሁለት ክረምት ሲቀረው አቋረጠ። እነሆ ሦስት ዓመት ሆነው።

አንድ ቅዳሜ ለልጁ የመዋዕለ ሕፃናት ዩኒፎርም ሊያሰፋ ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር አብሬው ሄድኩ። (ከሌላ አገር ለመጣችሁ፦ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው።) ልብስ ሰፊው ልጁን ሲለካ ጋሼ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ ሒሳብ ትወጃለሽ፤ እስቲ ንገሪኝ፣ ልጨርሰው ወይስ ልተወው? ሦስት ክረምት ሙሉ የለፋሁበትን እንዴት አድርጌ እተወዋለሁ?» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ስህተት። ያለፈው ሦስት ክረምት ቢጨርስም ባይጨርስም አይመለስም። የወጣው ገንዘብም እንደዚሁ። ሦስቱ ክረምቶች የሚጠቅሙን አንድ ነገር ለማወቅ ብቻ ነው፦ የቀረው መንገድ አጭር መሆኑን። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ስንት ከፈልኩ?» ሳይሆን «ከዛሬ ጀምሮ ስንት ይቀረኛል፣ በዚያስ ምን አገኛለሁ?» ነው።

ጋሼ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው የክረምቱን ትምህርት ካቆመበት መቀጠል ነው። ሁለተኛው ከተማ ውስጥ የማታና የቅዳሜ እሑድ ትምህርት ወደሚሰጥ ተቋም ተዛውሮ በየሴሚስተሩ ሦስት ኮርስ እየወሰደ በአንድ ዓመት ተኩል መገላገል ነው። እሱ ወደ ሁለተኛው አዘንብሏል፤ ቶሎ ያልቃላ!

ፈረስ መጋላ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀደድኩና መቁጠር ጀመርን። በሳምንት 168 ሰዓት አለ። 8 ሰዓት ከተኛ 56 ይሄዳል፤ 112 ይቀራል። ትምህርት ቤት የሚውልበት 40 ይነሣ፤ 72። አሁን ሰው ሁሉ የሚዘነጋው ይመጣል። ጋሼ አራት ክፍል ያስተምራል፤ በየክፍሉ 60 ተማሪ አለ። አንድ ደብተር ለማረም ሦስት ደቂቃ ብንሰጥ ለአንድ ክፍል 180 ደቂቃ፣ ማለት 3 ሰዓት ነው። ለአራቱ 12 ሰዓት ይሆናል፤ ያውም በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ካረመ ነው። ለዕለት ትምህርት ዕቅድ ዝግጅት 6 ሰዓት ስንጨምር 18 ይሆናል። 54 ቀረ። ለመንገድ፣ ለገበያ፣ ለውኃ፣ ለልብስ አጠባና ለምግብ በቀን 3 ሰዓት፣ በሳምንት 21 አልን፤ 33 ቀረ። ለእድር፣ ለለቅሶ፣ ለአምልኮ፣ ለታማሚ እናት ደግሞ 10 አነሣን። መጨረሻ ላይ 23 ሰዓት ቀረ።

23 ሰዓት ብዙ ይመስላል። ግን አንድ የ3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት 3 ሰዓት ክፍል ውስጥ ያስቀምጣል፤ ለእያንዳንዱ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት የግል ጥናት የሚለውን የተለመደ መለኪያ ከያዝን ደግሞ 6 ሰዓት ይጨመርበታል። በድምሩ 9 ነው። ሁለት ኮርስ 18፣ ሦስት ኮርስ 27። እንግዲህ ሁለት ኮርስ ይገባል፣ 5 ሰዓትም ለመተንፈሻ ይተርፋል። ሦስት ኮርስ ግን በ4 ሰዓት ይበልጣል።

«አራት ሰዓት ምን አላት? እንቅልፍ ቀንሼ እሞላታለሁ» አለ ጋሼ።

ሰው እንደዚህ ይላል እንጂ እንቅልፍ አይቀንስም። ሦስት ሳምንት ይቀንስና በአራተኛው ይታመማል። አራቱ ሰዓት የሚወሰደው ዝም ከሚሉት ነው። የዩኒቨርስቲው ፈተና ቀን አለው፤ አሳይንመንቱ ማስረከቢያ ቀን አለው፤ ርእሰ መምህሩም ፊርማ ይቆጣጠራል። ያልታረመ ደብተር ግን አይጮኽም። 4 ሰዓት ማለት የአንድ ክፍል የ60 ልጅ ደብተርና የአንድ ሰዓት ዝግጅት ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ መምህር ነበሩን። ደግ ሰው ነበሩ፣ አንድም ቀን ልጅ አልመቱም። በዚያ ዓመት ዲግሪ ይማሩ ነበር። ክፍል ገብተው «ከገጽ ይህን እስከ ገጽ ይህን ገልብጡ» ይሉንና ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን አሳይንመንት ይጽፉ ነበር። እኛ ደስ ብሎን እንገለብጥ ነበር፤ ልጅ ምን ያውቃል? ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር የምንማረው በዚያ ወር ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ይህን በትክክል ያወቅሁት እዚህ ተቋም ገብቼ ለተግባር ልምምድ ትምህርት ሳዘጋጅ ነው። በመካከሉ አምስት ዓመት ሙሉ «ሒሳብ አይገባኝም» ብዬ አምኜ ኖሬያለሁ። መምህሩን አሁን አልቀየማቸውም፤ ሰዓቱን ከእኛ መውሰዳቸውን እሳቸውም ያወቁት አይመስለኝም።

ለጋሼ ይህን ስነግረው ስኳሩን ሲያማስል ቆየ። ከዚያ፣ «እኔም ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ሲል፣ ግንቦት ላይ፣ የርቀት ሥራዬን ስጨርስ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ሳላርም ግምት የሞላሁበት ጊዜ አለ» አለ። ሌላ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እንግዲህ የትምህርት ዓይነቶቹን ስንመዝን መለኪያችን ይህ ይሁን፦ ሰዓቱን ከየት ይወስዳል? የማታውና የቅዳሜ እሑዱ ከሥራው ሳምንት ነው የሚወስደው። የርቀት ትምህርት ሰዓቱን እንደፈለግን እንድናውል ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ጠሪ ደወል ስለሌለው ራሱን ለማይገዛ ሰው መጥፎ ነው። የክረምቱ የሚወስደው ከሐምሌና ከነሐሴ ነው። ተማሪዎቻችን በዚያ ጊዜ ቤታቸው ስለሆኑ ከእነሱ የሚወሰደው ጥቂት ነው፤ በክረምቶቹ መካከል የሚላከው ሥራ ግን እንደ ጋሼ ግንቦት ሊያጣብብ ይችላል። የሚጎዳው ዕረፍታችን፣ ቤተሰባችንና በክረምት ከማስጠናት የምናገኘው ገንዘብ ነው። ዓመቱም ይረዝማል። እኔ ግን ለመምህር የተሻለው ይህኛው ነው ባይ ነኝ።

ሥራና ዲግሪን ማጣመር አዲስ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ የኤክስቴንሽን ትምህርት የተጀመረው ገና በ1940ዎቹ ዓ.ም. ነው። በእኛ በኩል ደግሞ ከአወዳይ አልፎ ያለው የእርሻ ኮሌጅ በ1977 ዓ.ም. ዩኒቨርስቲ ሆኖ፣ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህም ሐረማያ ዩኒቨርስቲ ተብሎ ቅርባችን አለ። ከእኛ ውጭ ስናይ፣ የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርስቲ እ.ኤ.አ. በ1971 ትምህርት ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቹ ትልቁ ክፍል መምህራን ነበሩ።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የኔልሰን ማንዴላ ታሪክ ነው። ከፎርት ሄር ኮሌጅ በተማሪዎች ተቃውሞ ምክንያት ዲግሪውን ሳይጨርስ ወጣ። ጆሃንስበርግ በአንድ የሕግ ጠበቆች ቢሮ ቀን እየሠራ፣ ማታ በሻማ እያጠና፣ የአውቶቡስ ሒሳብ ለማትረፍም ብዙ ጊዜ በእግሩ እየሄደ፣ የቀረውን በደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርስቲ በተልዕኮ ትምህርት ጨርሶ እ.ኤ.አ. በ1943 ተመረቀ። አንባቢ እዚህ ላይ «በቃ፣ ይቻላል!» ብሎ እንዳይነሣ፤ ታሪኩ ገና ነው። በዚያው ዓመት ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርስቲ የሕግ ዲግሪ ጀመረ። አሁን ግን ሥራ፣ ትዳር፣ ልጆችና ፖለቲካ ተደራረቡ። ደጋግሞ ወደቀ፤ ያለ ዲግሪም ወጣ። የሕግ ዲግሪውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1989 እስር ቤት ሆኖ ነው። ሰውየው ያው አንድ ሰው ነው። ሳምንቱ ላይ የተጫነው ነገር ነው የተለወጠው። ስለዚህ ያልጨረሰውን ጓደኛችንን ሰነፍ ብለን አንቸኩልበት።

አሁን ደግሞ ሰው ከተመዘገበ በኋላ የሚጸጸትባቸውን ነገሮች ላንሣ። አንደኛ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚጨርስ ሁሉ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና አለበት። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። በዚያ በመጀመሪያው ዙር ካለፉት ጠቅላላ ተፈታኞች ከመቶ ወደ 40፣ ከግል ተቋማት ደግሞ ከመቶ ወደ 17 ብቻ ነበሩ። ኮርሶችን እንደምንም እየጠራረጉ መጨረስ ዱሮ ይበቃ ይሆናል፤ አሁን ከአራት ዓመት በፊት የተማሩትም ይጠየቃል። አቋርጦ ለቆየ ሰው ይህ ከባድ ነው። ጋሼ የመጀመሪያው ክረምት ደብተሮቹ የት እንዳሉ እንኳ አያውቅም ነበር፤ በኋላ አክስቴ ቤት ቆጥ ላይ ተገኙ።

ሁለተኛ፣ የሚመዘገቡበት ተቋም የእውቅና ፈቃድ ያለው ለዚያው የትምህርት መስክና ለዚያው ቅርንጫፍ መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥ ነው። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. መንግሥት የርቀት ትምህርትን በድንገት ማገዱን፣ የግል ተቋማትም መምህርነትና ሕግ እንዳያስተምሩ መከልከሉን የሚያስታውሱ መምህራን አሉ። የርቀቱ እገዳ ቆየት ብሎ ቢነሣም፣ በመካከል የነበሩ ተማሪዎች ምን ያህል እንደተጨነቁ መገመት አያቅትም።

ሦስተኛው የደመወዝ ጉዳይ ነው። ዲግሪው ከምናስተምረው ትምህርት ጋር የማይገናኝ ከሆነ ለደረጃና ለደመወዝ ማስተካከያ ላይያዝ ይችላል። ይህን ከመመዝገብ በፊት የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ መጠየቅ ነው፤ በቃል የተሰጠ መልስ ሰውየው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ደግሞም በመምህራን የደረጃ እድገት ከጀማሪ መምህርነት ተነሥቶ በአገልግሎትና በሥራ ምዘና ከፍ የሚባልበት መንገድ መኖሩን አንርሳ።

እኛ ዘንድሮ የምንወጣውስ? የእኔ አስተያየት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አንመዝገብ የሚል ነው። ጋሼ በ6 ሰዓት የሚያዘጋጀውን የሳምንት ትምህርት ጀማሪ በ12 ሰዓት ቢያዘጋጅ ጎበዝ ነው። ከ23ቱ ላይ 6 ሲነሣ 17 ይቀራል፤ ሁለት ኮርስ እንኳ አይገባም። ክፍል ጓደኞቼ «ሁለት ዓመት ከቆየሽ ታገቢያለሽ፣ ከዚያማ ቀረ» ይሉኛል። ለእኛ ለሴቶቹ ይህ ቀልድ አይደለም፤ እውነት አለበት። ቢሆንም ችኮላው ከእነዚያ 60 ልጆች እንዲከፈል አልፈልግም። የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልኝ።

ስሌቴን ጨርሼ ኮርቼ ለጋሼ ሚስት አሳየኋት። ቡና እየወቀጠች አየችውና ሳቀች።

«ይቺ 21 ሰዓት የማን ናት?» አለችኝ።

«የጋሼ። ለውኃ፣ ለገበያ፣ ለምግብ...»

«እሱ ነው ውኃ የሚቀዳው? ጀሪካን የሚሸከመውስ? ልጁን የሚያጥበውስ ማን ሆነና! እኔ እዚህ ወረቀት ላይ የለሁም እኮ።»

አፈርኩ። ከ21ዱ ጋሼ በእርግጥ የሚሠራው ስንት እንደሆነ አብረን ስንቆጥር 8 ወጣ። 13ቱ የእሷ ነበሩ። በዚህ ሒሳብ ሦስተኛው ኮርስ ያለ ችግር ይገባል ማለት ነው፤ የሚገባው ግን በእሷ ትከሻ ነው። እሷም ጠዋት ፈላና በር አካባቢ አትክልት ትሸጣለች። ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

ማክሰኞ ፈቃድ ወስዶ ወደሚማርበት ዩኒቨርስቲ ሬጅስትራር ሄደ። የሦስቱ ክረምት ውጤቱ ይያዝለታል፤ ነገር ግን ሥርዓተ ትምህርቱ ስለተከለሰ ሁለት ኮርሶች ተጨምረውበታል። የቀረው ሁለት ክረምት ብቻ ሳይሆን ሁለት ክረምትና ትንሽ ነው። ሲመለስ ወረቀቴን ከግድግዳው ላይ አውርዶ ጠረጴዛ ላይ አነጠፈው። ሚስቱ እስክሪብቶ ተቀብላው ከታች በራሷ እጅ ጻፈችበት፦ «ሐምሌና ነሐሴ፣ ልጁ እናቴ ጋ። መስከረም ላይ ውኃው ያንተ።»

ጋሼ አንብቦ ስሙን ፈረመበት።