ፈጣኑ ፈንክሽን ትክክል ነውን?

በሃስኬል ቋንቋ የአንድን አሬይ አባላት በፐርሙቴሽን ማሰለፍ ሁለት መንገድ አለው፤ አንደኛው እያንዳንዱን አባል ወደ ተመደበለት ቦታ ይልካል፣ ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ቦታ አባሉን ከተጠቆመበት ያመጣል። ቦታዎች ከ0 ሲቆጠሩ፣ «1፣ 2፣ 0» የተባለው ፐርሙቴሽን «ሀ፣ ለ፣ ሐ»ን በመላክ «ሐ፣ ሀ፣ ለ»፣ በማምጣት ግን «ለ፣ ሐ፣ ሀ» ያደርገዋል። ፈንክሽኑን ለማፍጠን ሲጥር ሁለቱን ያምታታ ፕሮግራመር፣ ሥራውን ቅደም ተከተልን በመገልበጥ ብቻ ቢፈትን ስሕተቱን አያገኘውም፤ ግልበጣ ሲደገም ወደ መነሻው ይመለሳልና። ከ3 አባላት 6 ፐርሙቴሽኖች 4ቱ ይህንኑ ጠባይ ይጋራሉ። ስለዚህ ፈጣኑን ፈንክሽን ከዘገምተኛውና ግልጽ ከሆነው ጋር በብዙ የዘፈቀደ ግብዓቶች ማነጻጸር ይገባል። ክሌሰንና ሂዩዝ በ2000 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ክዊክቼክ የተባለው መሣሪያ ለዚህ ያገለግላል። ያልተፈተነ ፍጥነት ትርፉ ስሕተትን ማቻኮል ነው።