የልብ ምትን ከትንፋሽ መለየት፦ ከፍራሽ ሥር የሚዘረጋ የኦፕቲካል ፋይበር ሴንሰር አቅምና ገደብ

አኅጽሮተ ጥናት

ከፍራሽ ሥር የተዘረጋ የኦፕቲካል ፋይበር ሴንሰር የታካሚውን ቆዳ ሳይነካ የልብ ምትን ሊከታተል ይችላል። ይህ ጽሑፍ የሴንሰሩን አሠራር በአጭሩ ከገለጸ በኋላ፣ ዋናው ችግር ረቂቁን እንቅስቃሴ መለካት ሳይሆን የልብን ምልክት ከትንፋሽ ምልክት መለየት መሆኑን ያሳያል። በአማካይ ስሕተት ላይ ብቻ የተመሠረተ ምዘናም አሳሳች ንባቦችን እንዴት እንደሚሸፍን በስሌት ያስረዳል።

1. መግቢያ

የልብ ምትን ለመከታተል ዋነኛው ማመሳከሪያ ኤሌክትሮካርዲዮግራም (ኢሲጂ) ነው። ይሁን እንጂ ኢሲጂ ቆዳ ላይ የሚለጠፉ ኤሌክትሮዶችን ይሻል። ቆዳው ለተቃጠለ ታካሚ ወይም ያለጊዜው ለተወለደ ሕፃን መለጠፉና መላጡ ራሱ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። በኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ ደግሞ የሬዲዮ ሞገዱ በኤሌክትሮዶቹ ሽቦዎች ላይ የኤሌክትሪክ ፍሰት ፈጥሮ ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል፤ በጠንካራው መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ የሚዘዋወረው ደምም ተጨማሪ ቮልቴጅ ስለሚያመነጭ የኢሲጂውን ቅርጽ ያዛባል። ከሲሊካ መስታወት የተሠራ ፋይበር ግን ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ከእነዚህ ችግሮች ነጻ ነው።

2. የአለካኩ መሠረት

ልብ ደምን በረጨ ቁጥር መላው ሰውነት በጥቂቱ ይነቃነቃል። ጎርደን ይህን ክሥተት እ.ኤ.አ. በ1877 የገለጸ ሲሆን፣ አይዛክ ስታር እ.ኤ.አ. በ1939 ባወጣው ጥናት ንቅናቄውን በልዩ ጠረጴዛ በመለካት ባሊስቶካርዲዮግራፊ የተባለውን ዘዴ አስፋፍቷል። ዛሬ የጠረጴዛውን ሥራ ፋይበር ሊሠራው ይችላል።

ለዚህ ተግባር ከሚውሉት ሴንሰሮች ሁለቱ በተለይ ይጠቀሳሉ። በመጀመሪያው ዓይነት ፋይበሩ በመረብ ንብርብሮች መካከል ይቀመጣል፤ የሰውነት ግፊት ሲጨምር ጥቃቅን መታጠፎች ይፈጠሩና ከብርሃኑ ከፊሉ ያመልጣል። ፎቶዲቴክተር የብርሃኑን መጠን ብቻ ስለሚለካ አሠራሩ ቀላልና ርካሽ ነው። ሁለተኛው ብራግ ግሬቲንግ ነው፤ በፋይበሩ እምብርት ውስጥ የስብረት መጠን በእኩል ርቀት እንዲለዋወጥ ስለሚደረግ አንድ የተወሰነ የሞገድ ርዝመት ብቻ ያንጸባርቃል። በ1550 ናኖሜትር አካባቢ፣ ፋይበሩ ከርዝመቱ አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ሲለጠጥ የሞገድ ርዝመቱ በ1.2 ፒኮሜትር ገደማ ይለወጣል። የ1 ዲግሪ ሴልሺየስ የሙቀት ለውጥ ደግሞ 10 ፒኮሜትር ገደማ ያስከትላል። ሆኖም የሙቀት ለውጥ ከልብ ምት አንጻር እጅግ አዝጋሚ በመሆኑ በማጣሪያ ሊወገድ ይችላል።

3. የመለየት ችግር

ትንፋሽ ግን እንደ ሙቀት በቀላሉ አይወገድም። ዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ሲተነፍስ፣ ልቡ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ሁለቱ ድግግሞሾች የተራራቁ ቢመስሉም፣ ደረት በትንፋሽ የሚያደርገው እንቅስቃሴ የልብ ምት ከሚፈጥረው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቅርጹም ንጹሕ የሳይን ሞገድ ስላልሆነ የድግግሞሹን ብዜቶች፣ ማለትም ሃርሞኒኮችን፣ ያስከትላል።

በደቂቃ 20 ጊዜ የሚተነፍስ ታካሚ የትንፋሹ ሦስተኛ ሃርሞኒክ 60 ላይ ያርፋል። የዚህ ታካሚ ልብ 45 ጊዜ ብቻ እየመታ ከሆነ፣ መሣሪያው 60 ብሎ ሊዘግብና የልቡን መዘግየት ጤናማ በሚመስል ቁጥር ሊሸፍን ይችላል። ተቃራኒውም ያጋጥማል፦ አንድ የልብ ምት በባሊስቶካርዲዮግራም ላይ በርካታ ጫፎች ስላሉት፣ 50 የሆነው ምት እንደ 100 ሊነበብ ይችላል።

ሃርሞኒኮቹ የልብ ምት በሚገኝበት ክልል ውስጥ ስለሚወድቁ ተራ የድግግሞሽ ማጣሪያ አያስቀራቸውም። የተሻለው አካሄድ አስቀድሞ የትንፋሹን ድግግሞሽ ገምቶ ብዜቶቹን በጥርጣሬ ማየት፣ ከዚያም ውጤቱን በተከታታይ ምቶች መካከል ካለው የጊዜ ልዩነት ጋር ማመሳከር ነው። ይህም ቢሆን ምቱ ሥርዓት ባጣበት የልብ ሕመም ላይ ይዳከማል፤ የምቱን መደጋገም እንደ መነሻ የሚወስድ ስሌት እዚያ መሠረቱን ያጣል።

4. የምዘና ጉዳይ

ለአብነት፣ 100 ንባቦች ተወስደው 95ቱ በ1 ምት፣ 5ቱ ደግሞ በ40 ምት ቢሳሳቱ፣ አማካይ ፍጹም ስሕተቱ 2.95 ምት ይሆናል። ቁጥሩ የሚያረካ ይመስላል፤ ለታካሚው ግን ወሳኞቹ አምስቱ ንባቦች ናቸው። ስለዚህ ብላንድና አልትማን እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረቡትን የስምምነት ወሰን ከማስላት በተጨማሪ፣ ትልልቅ ስሕተቶች ምን ያህል ጊዜና በምን ሁኔታ እንደተከሠቱ ለብቻ መዘገብ ይገባል።

5. መደምደሚያ

ፋይበሩ የሚለካው የልብን እንቅስቃሴ እንጂ ኤሌክትሪካዊ ሥራውን አይደለም፤ በመሆኑም ለምርመራ ኢሲጂን አይተካም። ጥቅሙ ኤሌክትሮድ በማይመችበት ቦታና ረዘም ላለ ክትትል ነው። ታካሚው ሲገላበጥ ወይም የትንፋሽ ሃርሞኒክ ከልብ ምት ጋር ሲደራረብ፣ መሣሪያው አጠራጣሪ ቁጥር ከሚሰጥ «ንባብ የለም» ማለት ይኖርበታል። ተመራማሪዎችም የዝምታውን መጠን ከስሕተቱ መጠን ጎን ለጎን ሊያሳውቁ ይገባል፤ አንዱን በመጨመር ሌላውን መቀነስ ስለሚቻል፣ ሁለቱ ተለያይተው ሲቀርቡ የመሣሪያውን እውነተኛ ብቃት አያሳዩም።